በደረቅ ገንዳ ውስጥ የባባ ዓሣ

ሥራዬ ሹፌርነት ነው። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ ላይም የተጻፈው ይኸው ነው። ባለፈው የብርድ ወራት ግን ሪያድ ከተማ ውስጥ ዓሣ ነበርኩ። ሳቁ፣ ግድ የለም። ሱወይዲ ሰፈር የሚኖረው የአገሬ ልጅም ሲሰማ በሳቅ ሊሞት ነበር። «ወንድሜ፣ ሰው በፖሊስ ይያዛል፣ አንተ በመንጠቆ ተያዝክ» አለኝ።

የምነዳላቸው ሰውዬ፣ ፈቃዴን የያዙት ከፊሌ ማለቴ ነው፣ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። ቤተሰቡ ባባ ይላቸዋል፣ እኔም ባባ እላቸዋለሁ። በተማሪነታቸው ዘመን የተወዳጁት ሰው ብርድ አገር ይኖራል። እዚያ በረዶ በሚጥልበት ወቅት፣ ካያክ በምትባል አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ ጠባብ የፕላስቲክ ጀልባ ባሕር ላይ ወጥቶ ኪንግ ሳልሞን የሚሉትን ትልቅ ዓሣ ያጠምዳል። ቪዲዮውን ይልክላቸዋል። ባባ ቪዲዮ ሲያዩ ከረሙና አንድ ቀን «እሄዳለሁ» አሉ። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው፣ «እኔ ስሄድ አንተም አገርህ ትሄዳለህ። ኹሩጅህን አወጣልሃለሁ» አሉኝ። ኹሩጅ ማለት ወጥቶ የመመለሻ ፈቃድ ነው፤ ያለ እሱ ንቅንቅ የለም።

ልጄን ትቻት የመጣሁት ስትድህ ነው። አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። በስልክ ስታወራኝ እንደ እንግዳ «እርስዎ» ትለኛለች። እንኳን ብርድ አገር፣ ባባ ጨረቃ ላይ እወጣለሁ ቢሉም መሰላሉን የምይዘው እኔ ነበርኩ።

ዕቃው በካርቶን ተልኮ መጣ። የእንግዳ መቀበያው፣ የመጅሊሱ ምንጣፍ ላይ ዘረገፍነውና ወዳጃቸው በድምፅ መልእክት እያዘዘን መምረጥ ጀመርን። በብርዱ ወራት ይህ ዓሣ ጥልቁ ውስጥ፣ ከባሕሩ ግርጌ አካባቢ ትንንሽ ዓሦች እያሳደደ ይውላል አሉ። ስለዚህ ክሩን የሚያሰምጥ ከባድ የእርሳስ ብረት ያስፈልጋል። ክሩ ምን ያህል እንደወረደ የሚቆጥር መጠቅለያም ያስፈልጋል። ማባበያው ማንኪያ የሚመስል ብረት ነው፤ ዓሣው የሚበላው ትንንሹን ስለሆነ እሱም ትንሽ መሆን አለበት። ዘንጉ ጫፉ ለስላሳ፣ ወገቡ ጠንካራ ነው። መጠቅለያው ላይ ፍሬን አለው፤ እሱ ወዲያው ገባኝ፣ ሹፌር ነኛ። ዓሣው ሲሮጥ ፍሬኑን ታላላለታለህ። አጥብቀህ ከያዝከው ወይ ክሩ ይበጠሳል፣ ወይ ጀልባዋ ትገለበጣለች። እዚያ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው፣ አለ ወዳጃቸው፣ ብርዱ ክንዱን አስሮ ይይዘዋል።

ጥልቁ ጨለማ ስለሆነ አንዳንዶቹ ማንኪያዎች ብርሃን ጠጥተው የሚያበሩ ናቸው። ባባ የስልካቸውን መብራት ካበሩባቸው በኋላ የመጅሊሱን መብራት ድርግም አደረጉት። አረንጓዴ ነገር አየር ላይ ተንጠለጠለ። የያዘው እጅ አይታይም፣ የባባ ፊትም አይታይም። «አንተ ብትሆን የቱን ትበላለህ?» አለኝ ድምፃቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እቀልድ ነበር። ያን ጊዜ ግን የምሬን «ትንሹን» አልኩ።

ያን ትንሹን መረጡ። ከዚያ በኋላ ዓሣው እኔ ሆንኩ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ኢስትራሃ፣ ማለትም የማረፊያ ግቢ አላቸው። በብርድ የሚዋኝ ስለሌለ ገንዳው ደርቋል። ካያኳን ተሸክሜ ገንዳው ውስጥ አስቀመጥኩላቸው። ባባ የተንሳፋፊ ሰደርያቸውን ለብሰው ገቡባትና ዘንጉን ያዙ፤ የክሩ ጫፍ ቀበቶዬ ላይ ታሰረ። መንጠቆውንስ አውልቀነዋል፣ ተመስገን። «ያላ!» ሲሉ እሮጣለሁ። ወዳጃቸው እንዳስተማረው መጀመሪያ ራሱን እንደሚነቀንቅ ዓሣ ክሩን ነቅነቅ ነቅነቅ አደርጋለሁ፤ ከዚያ ወደ ገንዳው ጥልቅ ጫፍ መፈትለክ። ፍሬኑ ይጮሃል። ቀስ ብለው ይጠቀልሉኛል። ጀልባዋ አጠገብ ስደርስ እንደገና ማምለጥ አለብኝ፣ ዓሣው ጀልባ ሲያይ እንደዚያ ያደርጋል አሉ።

ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ ይህን ስንሠራ ሰነበትን። አንዳንድ ቀን አቧራው ወርዶ ሰማዩም ግንቡም አንድ ዓይነት ቀለም ይሆናል። ከገንዳው ማዶ ያለው ዓለም የጠፋ ይመስላል። ሌላም ነገር መጣ፤ ክፍሌ ገብቼ ሻይ ስጠጣ ወገቤን ሳብ የሚያደርገኝ ነገር ጀመር። ዞር ብዬ አያለሁ፣ ምንም የለም። የሱወይዲው ልጅ ጸበል ሂድ አለኝ፤ እዚህ አገር ጸበል ከየት አባቱ ይመጣል።

አንድ ቀን ፈትለክ አልኩ። ክሩ ግትር አለ። ፍሬኑ አልጮኸም። ብጎትት ብጎትት ወይ ፍንክች። ዞር ስል ባባ ዓይናቸው ፈጦ እኔን ያያሉ፣ ግን አያዩኝም። አፋቸው የሌለ ምግብ ያላምጣል። እጃቸው መጠቅለያው ላይ ደርቋል። «ባባ!» አልኩ። ድምፄ ከገንዳው ግድግዳ ተመልሶ መጣልኝ። በዚያኛው ጫፍ የያዘኝ ሰው አልመሰለኝም። ክው ብዬ ቆሜ ሳለሁ ክሩ ረገብ አለና፣ «ምነው ቆምክ? ሩጥ እንጂ» አሉኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

መጀመሪያ ቀን ፈጣሪን እያወሱ፣ ዚክር ላይ ናቸው ብዬ አለፍኩት። ተደገመ። ደግሞም መጣ። እሳቸው አያውቁትም። እኔ ግን ክሩ ወገቤ ላይ ታስሯልና አውቀዋለሁ። እዚያ ባሕር ላይ እውነተኛው ዓሣ ሲሮጥ ባባ እንዲህ ደርቀው ቢይዙት፣ አለቀ። ኹሩጄ ደግሞ ወጥቷል፣ መልእክቱ ስልኬ ውስጥ ገብቷል። ዝም ብል ልጄን አያለሁ። ያን ሰሞን እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረኝም፤ በባባም፣ በዓሣውም፣ በወዳጃቸውም ደሜ ፈላ።

በመጨረሻ ነገርኳቸው። «አንተ ሐኪም ነህ?» ብለው ተቆጡ። «መሄድ ስላልፈለግክ ነው?» ብለውም ጨመሩበት፤ እኔን! በነጋታው ስልኬን የገንዳው ጠርዝ ላይ አቁሜ ቪዲዮ እንዲቀርጽ ከፈትኩና ዓሣ ሆንኩ። መጣባቸው። ሲመለሱ ስልኩን ሰጠኋቸው።

ካያኳ ውስጥ እንደተቀመጡ አዩት። ቪዲዮው ውስጥ ያለው ሰውዬ ዓይኑን አፍጦ ያላምጣል፤ ከሩቅ የእኔ ድምፅ ባባ፣ ባባ ይላል። አንዴ ጨርሰው ከመጀመሪያው ከፈቱት። እንደገና። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ እንደ ሕፃን ቀና ብለው፣

«የት ሄጄ ነው?» አሉኝ።

አንጀቴን በሉት። አላውቅም አልኳቸው።

ጉዞው ኸላስ፣ ቀረ። ሐኪም ለጥቂት ጊዜ የሚያፈዝ የአንጎል ሕመም ነው ብሎ ብቻቸውን እንዳይሆኑ አዘዘ። ልጆቻቸው «ከባባ ጎን እንዳትለይ» አሉኝና ኹሩጄ ተሰረዘ። አልፈርድባቸውም፣ አባታቸው ናቸው። እንደማልመጣ ልነግራት ስደውል ልጄ «እሺ፣ ደህና ይሁኑ» አለችኝ። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ሐኪም ቤት አመላልሳቸዋለሁ። አንድ ዓይኔ መንገዱ ላይ፣ አንድ ዓይኔ መስታወቱ ላይ ነው። አንድ ቀን መንፉሐ ሰፈርን እንዳለፍን መብራት ያዘን፤ አቧራው ከፊታችን ያለውን መኪና ውጦታል። በመስታወቱ ሳይ ባባ ሄደዋል። ማላመጡን እያየሁ ጠበቅኳቸው። ሲመለሱ የት ሄጄ ነው ይላሉ ብዬ ነበር። አላሉም።

«ልጅህን አየኋት» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ፎቶዋን አሳይቻቸው አላውቅም። እጃቸውን ዘርግተው ከወንበሩ መደገፊያ ትንሽ ዝቅ አደረጉት። «እዚህ ደርሳለች።»

ተናደድኩ። የበሽታ ነገር ነው፣ ዝም በል፣ አልኩ ለራሴ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ጡሩምባ ይነፋብናል። እግሬን ከፍሬኑ ላይ ማንሳት አቃተኝ፤ በመስታወቱ ውስጥ እያየኋቸው፣

«ምን ለብሳ ነበር ባባ?» አልኳቸው።