ለሰው እጅ የሚመች ኳስ

ጎረቤቴ ትናንት ክራሩ ላይ አዲስ ጅማት ሲወጥር፣ ያ የደረቀ አንጀት ሽታ በመስኮት ገባና ሥራ አስፈታኝ። አንተን ቢሆን ዘፈን ያስታውስህ ይሆናል። እኔን ያስታወሰኝ በዚያው አንጀት የሚወጠረውን የድሮ የቴኒስ ራኬት ነው።

ሳቅ ግድ የለም! ጣልያን ከመግባቱ በፊት በነበሩት ዓመታት ሐረር ውስጥ ቴኒስ እየተጫወትኩ እንጀራዬን እበላ ነበር። ከጀጎል ግንብ ውጭ አንድ የፈረንጅ ቆንስል ግቢ ነበር። ጧት ጧት ቀዩ ሜዳ ውሃ ይረጭበታል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት አፈሩ ይሸታል፣ የኖራው መስመር ዓይን ይወጋል። ከቆንስሉና ከእንግዶቹ ጋር እንድጫወት የተቀጠርኩት እኔ ነበርኩ። ማሸነፍ ግን ሥራዬ አልነበረም። ሥራዬ ኳሷን ለሰውየው እጅ በሚመች ቦታ መመለስ ነበር። ወፍራሙን አላስሮጥም፣ ሽማግሌውን አላስጎነብስም። ሁሉም ጎበዝ ነኝ እያለ ወደ ቤቱ ይገባል። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርኩ፤ እውነቱን ልንገርህ፣ በሙያዬ እኮራ ነበር።

ታዲያ አንዲት ልጅ ወደድኩ። ቤታቸው ፈረስ መጋላ አደባባይ አጠገብ ነበር። ሽማግሌ ብልክ አባቷ "ሥራው ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንደኛው ጉሮሮውን ጠራርጎ "ኳስ ይመታል" አለ። አባቷ አልተቆጡም። "ይምታ። ቤት ያለው ሥራ ሲይዝ ደግሞ ይምጣ" ብለው ሸኟቸው።

ያን ሰሞን ድሬዳዋ ያሉ ፈረንጆች ለጨዋታ ሜዳቸው አስተማሪ ፈለጉ። ከነመኖሪያ ቤቱ ነው። ሁለት ሰው አመለከትን፤ እኔና ከጅቡቲ የመጣ አንድ እንደኔው ተቀጣሪ። ተጋጠሙና ያሸነፈ ይግባ ተባለ። ጀጎል ውስጥ መጽሐፍ የሚጠርዙ አንድ አዛውንት የራኬቴን ጅማት እንደ አዲስ ወጠሩልኝ። "ኢንሻ አላህ፣ ልጄ፣ ደስ ብሎህ ትመለሳለህ" አሉኝ። የልጅቱ ወንድም ጨዋታዬን ሊያይ አብሮኝ ድሬዳዋ ወረደ።

ተጋጣሚዬ በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ጨዋታው ገና ሳይጋመስ ያለከልክ ጀመር። በግራው በኩል ሜዳው ባዶ ነው። አየሁት። ወደዚያ ምታ አልኩ ለራሴ። እጄ ግን ኳሷን ወስዶ ልክ እሱ የቆመበት አስቀመጠለት። ደግሜ ሞከርኩ፤ አሁንም እዚያው። ራሴን ሰደብኩ፣ ጥርሴን ነከስኩ፣ አንድ ጊዜማ በግራ እጄ ልምታ ብዬ ሰው አሳቅሁ። ሰውየው ሳይሮጥ አሸነፈኝ። ሲያበቃ መረቡ ጋ መጥቶ ጨበጠኝና "ጥሩ ሰው ነህ" አለኝ። ከልቡ ነበር።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር አገኘኋት። ዓይኗ አብጦ ነበር።

"ወንድሜ ነገረኝ" አለች። "ለአንድ የጉምሩክ ጸሐፊ ሊሰጡኝ ነው።"

የዛፉን ቅርፊት በጥፍሬ ፋቅኩ።

"እምቢ ልበላቸው?"

ከውስጥ የቅዳሴው ዜማ ይሰማል። እምቢ በያቸው የሚለው ቃል አፌ ላይ ነበር። እንዳላስከፋት፣ ከአባቷም እንዳላጣላት ፈራሁ።

"አባትሽ ካሉ እንግዲህ ምን ይደረጋል" አልኳት።

እምቢ በያቸው ብያት ቢሆን ኖሮ እምቢ ትል ነበር። ይኸው አርጅቼም ይህን አውቃለሁ፤ ከማውቀው ሁሉ የሚከብደኝም እሱ ነው። ቀና ብላ አየችኝ፣ ነጠላዋን አስተካከለችና በሴቶች በር ገባች። ቅዳሴው እስኪያልቅ እዚያው ቆሜ ጠበቅኳት። ሰው ሁሉ ወጥቶ አለቀ። እሷ ለካ በሌላ በር ሄዳለች።