ጥጡ እስኪያልቅ

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው በክረምት ብቻ ነበር፤ እሱም ጥጡ እስኪያልቅ። ቤታችን ከቁስቋም ማርያም በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ ከባህር ዛፉ ሥር ነበር፤ አሁንም እዚያው ነው። እናቴ ነፍስ ሳላውቅ ስለሞተች በቤቱ የምንኖረው አባቴና እኔ ብቻ ነበርን። አባቴ ብዙ አይናገርም፤ እኔም እንደ እሱ ሆኜ አረጀሁ። ዘንድሮ ብቸኛ ልጄ ትዕግሥት ከቤት ልትወጣ ስትነሳ ከእኔ አንድ ቃል ጠበቀች። ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለኝ። ለምን እንዳልወጣ ሳስብ ነው እነዚያ ክረምቶች የመጡብኝ።

የሺ የምትባል አክስት ነበረችኝ፤ የአባቴ ታላቅ እህት። ባሏ ሞቶባት ከእንጦጦ ማዶ፣ ሱሉልታ አካባቢ ብቻዋን ትኖር ነበር። በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ተራራውን በእግሯ ተሻግራ ትመጣና የቤታችንን ጥጥ ትፈትላለች። አባቴ አንድ ጆንያ ጥጥ ገዝቶ ያቆያል፣ እሷ ትፈትለዋለች፣ ፈትሉ ለሸማኔ ይሰጣል፣ ጥጡ ሲያልቅ ወደ አገሯ ትመለሳለች። እንዲህ ይሁን ብሎ የተናገረ ሰው አልነበረም፤ እንዲሁ ሆኖ ኖረ።

ያኔ መብራት አልነበረንም። ከብቶቹ ከገቡ በኋላ ምድጃው ላይ የባህር ዛፍ ቅርፊት ይነድዳል፤ ጭሱ በጣሪያው ሣር ውስጥ ተስቦ እስኪወጣ ድረስ ዓይን ያቃጥላልና ሁላችንም ዝቅ ብለን እንቀመጥ ነበር። ኩራዟ ክሩን እንድታሳያት ከአክስቴ ጎን ትቀመጣለች። የእኔ ሥራ መዳመጥ ነበር፤ ጥጡን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ዘርግቼ በብረት ዘንግ እየጫንኩ ፍሬውን አስወጣለሁ። አክስቴ የተዳመጠውን በደጋን ነድፋ እንደ ጉም ታሳሳውና ጠቅልላ ባዘቶ ታደርገዋለች። ከዚያ እንዝርቷን ጭኗ ላይ ወርወር አድርጋ ታሽከረክርና ግራ እጇን ከራሷ በላይ ታነሳለች። ክሩ ሲረዝም ተረቱ ይጀመራል። እንዝርቱ ሳይዞር ተረት አታወራም። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት ነበር።

«እጄ ሥራ ከፈታ ሰው ማማት እጀምራለሁ» አለችኝ።

ክሩ ሲበጠስም ተረቱ ይቆማል። ጣቷን በምራቋ አርሳ ጫፍና ጫፉን እስክትቀጥል ድረስ የተረቱ ጅብ አፉን እንደከፈተ፣ እኔም ብረቱን እንደያዝኩ እንጠብቃታለን።

ከሁሉ አብልጬ የማስታውሰው የዝምተኛውን ገበሬ ተረት ነው። ይህ ገበሬ ከበሬው በቀር ከማንም ጋር አያወራም። ሚስቱ ምን እንዳማረው ማወቅ ስትፈልግ ማሳው ዳር ተደብቃ ለበሬው የሚነግረውን ታደምጣለች። «ዛሬስ የባቄላ ወጥ በሆነ» ይለዋል በሬውን፤ ማታ የባቄላ ወጥ ይቀርብለታል። እንዴት አወቅሽ ብሎ ግን ጠይቋት አያውቅም። በሬው አርጅቶ ሲሞት ሰውየው የሚያወራው አጥቶ መክሳት ጀመረ። ሚስቱ ጨነቃትና የበሬውን ቆዳ ከምሰሶው ላይ እንደ መጋረጃ ሰቅላ፣ ከጀርባው ቆማ «እምቧ» አለች። ሰውየው ቀረብ አለና «መጣህ እንዴ?» አለው ቆዳውን፤ ያጠራቀመውንም ሁሉ ሲነግረው አመሸ።

አክስቴ ይህን ስታወራ ወደ አባቴ አትመለከትም ነበር። እሱ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ሞፈር ይጠርባል።

«የሺ፣ የዚህ ሰውዬ አገሩ የት ነው?» አለ አንድ ምሽት፣ ቀና ሳይል።

«ሩቅ ነው። አንተ አታውቀው።»

«ሚስቲቱ እንዲህ ከምትለፋ ሌላ በሬ ብትገዛለት አይሻልም?»

«እሱን ለበሬው ንገረው» አለችው።

አባቴ መጥረቢያውን አስቀምጦ ወጣ። ከብቶቹን ሊያይ የሄደ መስሎኝ በበሩ ቀዳዳ ስመለከት ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። አባቴ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

አንድ ክረምት ጥጡ ከወትሮው ቀድሞ፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ አለቀ። አክስቴ ዕቃዋን ቋጠረች። እኔ ምንም አላልኩም፤ የቀረበልኝን ሳልበላ ከፍሬው ክምር አጠገብ ተቀመጥኩ። አባቴ አየኝ። በማግስቱ በዝናብ ወደ ገበያ ወርዶ ከሰዓት በኋላ ጆንያ ተሸክሞ ተመለሰ። ጆንያውን በጋቢው ሸፍኖት፣ እሱ ሸሚዙ ከገላው ጋር ተጣብቆ ነበር። አክስቴ እግር ሥር አወረደው።

«ይሄም ይፈተል» አለ።

«ለማን?»

«ለልጁ ጋቢ።»

«ልጁ ጋቢ አለው እኮ።»

«ያድጋል።»

አክስቴ እሱን አየችው፣ ቀጥሎ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ቋጠሮዋን ፈታች። «ያድጋል አይደል» አለች ለራሷ። እስከ መስቀል ከረመች። እኔ ያኔ አባቴ ስለ ቁመቴ አርቆ ያሰበ መስሎኝ ነበር፤ ለእኔ ሲል እሷን እንዳስቀራት፣ ምናልባትም ለራሱ ሲል፣ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት አክስቴ በጾሙ ወራት ታማ ሞተች። ሰኔ ሲገባ አባቴ እንደ ልማዱ ጥጡን ገዝቶ መጣ። ጆንያው ክረምቱን ሙሉ ጥግ ቆሞ ከረመ፤ ስለ እሱ አንድም ቃል አልተነጋገርንም።

ዓመታት አለፉ፤ አባቴን ቀበርኩ፣ አገባሁ፣ ትዕግሥት ተወለደች። መፍተል ያስተማረቻት እናቷ ናት። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ልጅቷ ፈትሉን እንደ ሥራ ያዘችው። የፈተለችውን ሽሮ ሜዳ ላሉ ሸማኔዎች ትሰጣለች፤ ነጠላውን፣ የአንገት ልብሱን፣ አንዳንዴም ክሩን ብቻ ፎቶ አንስታ ስልኳ ላይ በከፈተችው ገጽ ታወጣዋለች። የማላውቃቸው ሰዎች ከማላውቀው ቦታ ይጠይቋታል። ሞተረኛ አስፋልቱ እስከሚያልቅበት ድረስ እየመጣ ዕቃውን ይወስዳል። «አባዬ፣ የሚፈልጉት የእጅ ፈትል መሆኑን ነው» ትለኛለች። እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። ማታ ማታ እሷ እንዝርቷን ስታዞር እኔ ፊት ለፊቷ እቀመጥ ነበር፤ ያን ድምፅ ከልጅነቴ አውቀዋለሁና የሚነገር ነገር የጎደለ አይመስለኝም ነበር።

ጥር ላይ ነው የነገረችኝ።

«አባዬ፣ ከጓደኞቼ ጋር ሽሮ ሜዳ ቤት አግኝተናል። ከሸማኔዎቹ ጎን ነው። ትዕዛዙ በዝቷል፣ ከዚህ እየተመላለስኩ አልቻልኩም።»

የወተት ዕቃውን አነሳሁ።

«ወይ ሂጂ በለኝ ወይ ቅሪ በለኝ። አንዱን ብቻ።»

«ላሟ አልታለበችም» ብዬ ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት ጳውሎስ አካባቢ ላሉ ቡና ቤቶች ወተት አድርሼ ስመለስ አንድ ሱቅ በር ላይ በላስቲክ የታሰረ ነጭ ነገር አየሁ። «ምርጥ ነው አባት፣ የውጭ ነው» አለኝ ባለሱቁ። ላስቲኩን ፈትቼ ሳልዳስሰው ገዛሁት። ዳገቱን ተሸክሜው ወጣሁና ልጄ ፊት አስቀመጥኩት።

«ይሄን ፍተዪ» አልኳት።

ቆንጠር አድርጋ በጣቶቿ ጠመዘዘችው፤ ከእጇ አሟለጨ።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ የትራስ ነው። ፋይበር ነው።»

«ጥጥ አይደለም?»

«ምኑ ጥጥ ነው? አንተ ጥጥ ስትዳምጥ ያደግህ ሰውዬ!» ብላ ወለሉ ላይ እስክትቀመጥ ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን ዋጠችው። «ለምን ገዛኸው?»

«ነጭ ነው ብዬ» አልኩ።

ሁለት ትራስ አድርጋ ሰፋችው። አንዱን ወሰደች፣ አንዱን አልጋዬ ላይ ተወችልኝ። ቅዳሜ ዕቃዋን በባጃጅ ጭና ወረደች፤ አስፋልቱ ድረስ ሸኘኋት፣ ፍራሿን አሳሰርኩላት፣ ለነጂው ቀስ ብለህ ንዳ አልኩት። ለእሷ ምንም አላልኩም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ምሽቶች ምን ብዬ እንደምገልጻቸው አላውቅም። አምፖሉን አበራና አጠፋዋለሁ። ወጥ ሲያንስ አነሰ የሚል ሰው የለም፣ ሲተርፍ ተረፈ የሚል የለም። አሮጌ ስልኳን ትታልኝ ስለነበር ገጿን እከፍታለሁ። ፊቷ አይታይም፤ ስትፈትል እጇ ብቻ ነው የሚታየው። ልጅ ሆና ማጭድ የቆረጣት አውራ ጣቷ ላይ ያለው ጠባሳ አለ። ከሥሩ ሰዎች «እጅሽ ይባረክ» እያሉ ይጽፉላታል። እኔም ከእነሱ እንደ አንዱ ተቀምጬ አያለሁ።

አባቴ በአንድ ጆንያ ጥጥ ሰው አስቀርቶ ነበር። ይህ የሆነው ግን አክስቴ እሱን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ስለምታውቀው፣ ያላለውንም ስለምትሰማ ነው። እኔ ልጄ ፊት ጆንያ አውርጄ እንደ አክስቴ እንድትሰማኝ ጠበቅኩ። በእንዲያ ያለ ነገር አላሳደግኋት፤ ከየት ታውቀው?

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ስልኩን አንስቼ ድምፅ ልልክላት እንዳሳየችኝ የማይኩን ሥዕል በአውራ ጣቴ ተጫንኩ። ከምን እንደምጀምር ስላላወቅሁ ከበሬው ጀመርኩ። ገበሬውን፣ ሚስቱን፣ ቆዳውን፣ ሁሉንም እስከ መጨረሻው አወራሁ፤ በሕይወቴ ተረት ሳወራ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ጣቴን ሳላነሳ «ትዕግሥት፣ መሄድሽ ልክ ነው። እኔ ግን ቅሪ ልልሽ ፈልጌ ነበር። ያንን የትራስ ነገር የገዛሁት እንድትቀሪ ነው» አልኩና ለቀቅሁት።

መልሷ ጠዋት መጣ። «አባዬ፣ ሰማሁት። ደግሜም ሰማሁት። ጓደኞቼ ሰውየው አንተ ነህ ይላሉ። ቅሪ ብትለኝ እቀር ነበር እኮ። አሁን ግን አልመለስም፤ እሁድ እሁድ እመጣለሁ።»

ደጋግሜ አዳመጥኩት። አልከፋኝም ብል ውሸት ነው።

ከአክስቴ ተረቶች አብዛኞቹ ጠፍተውብኛል። ከእነዚያ ምሽቶች የቀረልኝ ጭሱ፣ የፍሙ መፍዘዝና ክሩ እስኪቀጠል የጠበቅኩት ጥበቃ ነው። ያኔ መጠበቅን ብቻ ነበር የተማርኩት፤ ሰው ዝም ብሎ ከጠበቀ ሌላው ይናገራል ብዬ ስለማምን እስከዚህ ዕድሜ ድረስ ተራዬን ሳላውቅ ኖርኩ። አሁን ማታ ማታ ለትዕግሥት አንድ ነገር እነግራታለሁ፤ ገብሱ መብቀሉን፣ ጥጃዋ መታመሟን። አንዳንዴ ትመልስልኛለች፣ አንዳንዴ ሥራ ይዟት ሳትመልስ ታድራለች። ቤቱ ጸጥ እንዳለ ነው። ልጄ ግን እዚያ የምትኖረው አባቷ እንድትቀርለት ይፈልግ እንደነበር እያወቀች ነው፤ ይህን ሳታውቅ ሄዳ ቢሆን ኖሮ ይህ ጸጥታ የእሷም ይሆን ነበር።