ለሐኪም ቤት የምትበቃ አንዲት ቃል

ሱዳን ለሁለት በተከፈለች ማግስት፣ ካርቱም ውስጥ እንግሊዝኛ አዋቂ ተብዬ የተከበርኩት በአንዲት ቃል ነው። ዐማራት ሰፈር፣ ፈረንጆች በሚያዘወትሩት ካፌ አስተናጋጅ ነበርኩ፤ «ፋይን»ን ጠንቅቄ የተማርኳት እዚያ ነው። ትምህርት ቤት ሳለን ሥራዋ አንድ ብቻ ነበር፤ እንዴት ነሽ ሲሉሽ «ፋይን፣ ታንክ ዩ» ትያለሽ፣ አለቀ። ካፌው ውስጥ ግን ጉዷ ብዙ ነው። ምግቡ እንዴት ነው ብዬው፣ ሳህኑን እያየ «ፋይን» ያለኝ ደንበኛ ሁለተኛ አይመጣም። ሻይ ልጨምር ስለው «ፋይን» ካለ በቃኝ ማለቱ ነው። ባልና ሚስት ሲነታረኩ ሚስትየዋ ድንገት «ፋይን!» ካለች ደግሞ ብርጭቆዎቹን ቶሎ ማንሳት ይበጃል።

ይህን እውቀቴን ካላክላ በተከራየናት ክፍል ውስጥ፣ ዓርብ ዓርብ፣ ለቤት ሠራተኛ እህቶቼ አካፍል ነበር። ደሞዝ የለውም፤ ጉራው ግን ይበቃኛል። ከሁሉ የሚተጉት ተማሪዬ እትዬ ነበሩ። አብረን እንኖራለን፤ በዕድሜ እናቴ ሊሆኑ ምንም አይቀራቸውም፤ የሚሠሩት አል-ጣኢፍ ሰፈር፣ አንዲት ማዳም ቤት ነው።

እትዬን ቀኝ ጎናቸውን ሲወጋቸው ሦስት ወር አለፈው። ሲብስባቸው ጉልበታቸውን አቅፈው ቁጭ ይላሉ። እንዴት ነዎት ስንላቸው ግን መልሳቸው ያው ነው፦ «ደህና፣ ምስጋና ለእሱ።»

አንድ ፈረንጅ ሐኪም በሳምንት አንድ ቀን በነፃ እንደሚያይ ሰማን። ማዳሟ ከስንት ልመና በኋላ የግማሽ ቀን ኢጃዛ ፈቀደችላቸው። እኔም አስተርጓሚ ነኝና፣ የካፌውን ሸሚዝ ተኩሼ ለብሼ ተከተልኳቸው።

ሐኪሙ ገና «ሃው አር ዩ?» ከማለቱ፣ አፌን ሳልከፍት፣ እትዬ «ፋይን፣ ታንክ ዩ!» አሉት ጥርት አድርገው። ሰውዬው ፈገግ ብሎ ወረቀቱ ላይ ጫር ጫር አደረገ።

«እትዬ፣ ሕመምዎን እኮ ነው የጠየቀዎት!»

«ታዲያ ገና ከመተያየታችን በሽታዬን ልዘርግፍበት? ምን ያለሽ ባለጌ ነሽ! ያላ፣ በይ ጠይቂው፤ እናቱ ደህና ናቸው? ልጆቹስ?»

ምን ላድርግ፣ ጠየቅኩት። እናቱ ፋይን፣ ልጆቹም ፋይን። ሰዓቱን አየት አደረገ፤ ውጭ ወረፋው ግቢውን ሞልቶታል። እንደገና፣ ቀስ ብሎ፣ እንዴት እንደሆኑ ጠየቃቸው። እትዬም አሁንም «ፋይን!» ተናደድኩ። ያን ጊዜ ቃሏን ከአፋቸው ፈልቅቄ ባወጣት ደስ ባለኝ።

«ውሸቷን ነው፣ ታማለች!» አልኩት በእንግሊዝኛ። አንቱታ በፈረንጅ አፍ ከየት ላምጣ? ጎናቸውን በጣቴ አሳየሁት። አስተኝቶ ጫን ሲያደርጋቸው ጮሁ። ጩኸቱን ማስተርጎም አላስፈለገም።

ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ሰዓቱን አላየም። ሆዳቸውን በመሣሪያ ደጋግሞ አየና ወደ እኔ ዞረ። ሐሞታቸው ውስጥ ጠጠር አለ፤ ከረጢቱ አመርቅዟል፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል ገብተው መቀደድ አለባቸው፤ ከዘገየ ሊሞቱ ይችላሉ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን እንግሊዝኛ ገብቶኝ አያውቅም።

«ምን አለ?» አሉኝ እትዬ፣ እንደተኙ።

«ደህና ነዎት አለ።»

ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

እትዬ ተነስተው ቁጭ አሉ፤ ሻሻቸውን አስተካከሉና ትክ ብለው አዩኝ።

«ሰውዬው ይህን ሁሉ የለፈለፈው ደህና ናት ለማለት ነው? ነይ እዚህ፣ አጠገቤ ተቀመጪ። አንድም ሳታስቀሪ ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው። መሞት የሚለውም ሳይቀር ነገርኳቸው። በሻሻቸው ጫፍ ጉንጬን ጠረግ ጠረግ አደረጉ።

«በይ በቃ፣ ኸላስ» አሉኝ። «በሽተኛዋ አንቺ እንዳትመስዪው።»