ጋሽ አይዛ እና ከረግረጉ ያወጣነው አፈር

አይ፣ አይሆንም። ረቡዕ ዕለት አናግሬዋለሁ እኮ!

ዛሬ ጠዋት ሲቀላ የሚባለው ገበያ ቆሜ ሙዝ ስመርጥ እህቱ ደወለች። «አይዛ የለም» አለችኝ። «የት ሄደ?» አልኳት። በእግዚአብሔር፣ የት ሄደ ነው ያልኳት። ስልኩን ከእጄ ተቀብላ ያናገረችልኝ ሙዝ ሻጯ ናት።

ትናንት ከሰዓት፣ እናቱ ቤት፣ ደጋ ላይ አረፈ።

ለማታውቁት፣ ጋሽ አይዛ ተመራማሪ ነበር፤ እኔ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። ሥራችን ጭቃ ነው። ሐይቅ ዳርና ደጋ ረግረግ ውስጥ ረጅም ቱቦ እየሰካን የተደራረበ አፈር እናወጣለን። ታች ያለው የድሮ ነው፣ ላይ ያለው የቅርብ። መቼ ዝናብ በዛ፣ መቼ ድርቅ ገባ፣ መቼ ጫካው ተመንጥሮ አፈሩ ታጠበ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ይነበባል። የድሮውን ሳናውቅ የዛሬው የአየር ንብረት ለውጥ መሬታችንን ምን እንደሚያደርገው አናውቅም ይል ነበር። ዶክተር ስንለው ይስቃል። አንቱ ካልነው ደግሞ ዞሮ ከኋላው ሰው ይፈልጋል።

ቱቦ ልንሰነጥቅ ስንል ሁልጊዜ እጁን ዘርግቶ «ቀስ! ሰው አለበት» ይለናል።

መጀመሪያ ሰሞን ቀልድ መስሎኝ ስቄያለሁ። አንድ ቀን ምን ማለቱ እንደሆነ አሳየኝ። ጥቁሩ አፈር መሃል ስንዝር የሚሞላ ቀይ ንጣፍ ነበር፤ ከሥሩ ከሰልና አመድ። «ይሄ ቀዩ ከላይ ታጥቦ የወረደ ነው። የሰው እርሻ ነበር፤ የእነማን እንደሆነ ግን የሚያስታውስ የለም» አለኝ። ከሰሉን በጣቴ ነክቼ እጄን ሦስቴ ታጠብኩ።

ባለፈው ክረምት ደግሞ ከተራራው ግርጌ ወዳለችው ላንቴ ወረድን። ጎርፍ አንድ የሙዝ ማሳ ላይ ደለል አልብሶታል። ጋሽ አይዛ ጭቃውን ቆንጠር አድርጎ በጥርሱ ፈጨው። ደቃቁን ከአሸዋው የሚለየው እንደዚያ ነው፤ እኔ አልሞክረውም። ከዚያ ቀና ብሎ ጉም የሸፈነውን ተራራ አየና «ከእኛ ሰፈር ነው የመጣው» አለ።

የማሳው ባለቤት «በላ፣ ዘመዶችህን ሰብስብልኛ!» ብሎ ቀለደበት። ጋሽ አይዛ አልሳቀም።

አሁን ወደማፍርበት ልምጣ።

የዛሬ ሁለት ዓመት እሱ የተወለደበት ደጋ ሄደን፣ ከድሮ መቃብር ሥር ካለ ረግረግ ቱቦ አወጣን። እዚያ ቦታ ዝም ብሎ አይቆፈርም። የአካባቢው ሽማግሌ መጡና ከእሱ ጋር በጋሞኛ ብዙ ተነጋገሩ። ተረጎመልኝ፦ «አንብቡትና መልሱት። እስክትመልሱት ጉድጓዱ ይጠብቃል።»

«ምን ይጠብቃል?» አልኩት።

«እሱን አልነገሩኝም» አለኝ።

ቱቦውን ስንመዘው ከሥሩ እንደ ትንፋሽ ያለ ድምፅ ወጣ። ጋዝ ነው። አውቃለሁ፣ ጋዝ ነው። ግን ሁላችንም እኩል ወደ ኋላ ሸሸን።

ከአፈሩ ትንሽ ትንሽ ለምርመራ ወሰድን፤ የቀረው ፍሪጅ ውስጥ ተቀመጠ። አምና መብራት ለቀናት ጠፍቶ ሻገተ፣ ሸተተ። እኔ ደግሞ ጣጣ አልወድም። ለማንም ትንፍሽ ሳልል ከላቦራቶሪው ጀርባ፣ አበባው ሥር ደፋሁት።

ረቡዕ ደወለ። «ምርመራው አልቋል፣ ቅዳሜ ልመልሰው ነው። ቱቦዋ አለች አይደል?»

«አለች» አልኩ። ምላሴ ይቆረጥ! አርብ ዕለት አሞኛል ብዬ ከሥራ ቀረሁ።

ዛሬ ትንሽ ስረጋጋ እህቱን መልሼ ደወልኩላት። ልቡን ይታከም ነበር፤ ሸክም ተከልክሏል። ትናንት ጠዋት ግን በማዳበሪያ ከረጢት አፈር ተሸክሞ ዳገቱን በእግሩ ወጣ አለችኝ። ማንንም አላስነካም። ወደ ረግረጉ ወርዶ ጉድጓዱን ደፈነ፤ ሽማግሌው መረቁት። ቤት ገብቶ ደከመኝ ብሎ ጋደም አለ። አልተነሳም።

«ምን አፈር?» አልኳት። «ምን አፈር ነው የተሸከመው?»

ባጃጅ ይዤ ላቦራቶሪ በረርኩ።

አበባው ሥር አራት ማዕዘን ጉድጓድ አለ፤ ጠርዙ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። እንደዚያ የሚቆፍር እሱ ብቻ ነው። ጥበቃው ነገረኝ፦ አርብ ጠዋት ቱቦዋን ፍሪጁ ውስጥ ሲያጣት ግቢውን ዞሮ ፈልጎ አፈሩን አበባው ሥር አገኘው፤ ከዚያ እስከ ምሳ ፀሐይ ላይ ተንበርክኮ ነበር። የግቢያችን አፈር ቀይ ነው፣ የረግረጉ ጥቁር። ጥቁሩን ከቀዩ በጣቱ እየለቀመ ከረጢቱ ውስጥ ይጨምር ነበር።

«ማን ደፋው ብሎ አልጠየቀህም?»

«ኧረ አልጠየቀም። ሲወጣ ‹ልጅቷ ተሻላት?› ብቻ ነው ያለኝ።»

ጉድጓዱን ልደፍነው አካፋ አነሳሁ። ፀጥ ያለ ነበር፣ ነፋስ የለም፣ ግን ከጠርዙ ትንሽ ትንሽ አፈር ወደ ውስጥ ይንሸራተታል። አካፋውን ጥዬ ወጣሁ። አሁንም ክፍት ነው።

የተከለከለ ሸክም ያሸከምኩት እኔ ነኝ። ጉድጓዱ ነው የወሰደው የሚሉ ይኖራሉ። እኔ የሳይንስ ሰው ነኝ፣ እንደዚያ አልልም።

ጋሽ አይዛ፣ ነገ ቀብርህ ላይ እመጣለሁ። ለእህትህም ለሽማግሌውም የደፋሁት እኔ ነኝ ብዬ እነግራቸዋለሁ። ቢያባርሩኝም እሄዳለሁ። ያ የምትወደው ደጋ ይመችህ፤ አምላክ በደግ ቦታ ይቀበልህ።

ምናለ ግን አንድ ጊዜ ደውለህ በሰደብከኝ! «ለምን ዋሸሽኝ?» ብትለኝ እኮ ከረጢቱን እኔ እሸከመው ነበር።