አምባሰል፣ አሥራ አምስት ደቂቃ

ስሕተቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በመሥሪያ ቤታችን ወግ ስሕተት ሲፈጠር ጸሐፊዋ ላይ ስለሚላከክ ነው። ጸሐፊያችን ያንን ወረቀት አይታው እንኳ አታውቅም። በገዛ እጄ ጻፍኩት፣ በገዛ እጄ አባዛሁት፣ ማኅተም አስመታሁበት። ከመሐል ያለችው መስመር እንዲህ ትላለች፦ «ከቀኑ 9፡30፤ አምባሰል፤ 15 ደቂቃ።»

ሐይቅ ከተማ ላይ የባህል ባለሙያ ሆኜ የተመደብኩት ባጃጅ ወደ ከተማችን በገባ ሰሞን ነበር። ባለሙያ የተባልኩት ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው፤ ቢሮው ማለት አንድ ጠረጴዛ፣ እግሩ የተሰበረ ወንበርና እኔ ነበርን። በሁለተኛው ዓመቴ አለቃዬ ጠራኝና ሐይቁ ዳር የባህል ፌስቲቫል እንደምናዘጋጅ ነገረኝ። ምን ምን ያስፈልጋል ብዬ ብጠይቀው ባለሙያዋ አንች አይደለሽ ወይ ብሎ ወደ ስብሰባው ሄደ። የልደት በዓል እንኳ ደግሼ የማላውቀው ሴት፣ ድንኳን ከዕድር፣ ወንበር ከትምህርት ቤት፣ ድምፅ ማጉያ ከአንድ ሙዚቃ ቤት እየለመንኩ ዞርኩ። ሰዉ ፌስቲቫል የሚለውን ቃል ስላልለመደው ሙሽሮቹ እነማን እንደሆኑ ይጠይቀኝ ነበር። ሐይቁና እናንተ ናችሁ እላቸዋለሁ፤ ይስቁና ወንበሩን ይሰጡኛል።

ያለ ቀልድ የተነገረኝ ነገር የመጣው ከሐይቁ ማዶ ካለው የወንዶች ገዳም ነው። ሴት ነኝና በሩ ላይ ቆምኩ፤ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ወጥተው አነጋገሩኝ። ድምፅ በውኃ ላይ ሲሄድ እንደማይደክም፣ ባለፈው ጊዜ ከተማው ውስጥ ስለ ማዳበሪያ የተደረገውን ንግግር እነሱም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዳዳመጡት ነገሩኝ። አልተቆጡም፤ እንዲያውም ስለ ማዳበሪያ ብዙ ተማርን አሉኝ። የጠየቁኝ ሁለት ነገር ነው፦ ማጉያው ፊቱን ወደ ከተማው እንዲያዞርና ከአሥር ሰዓቱ ጸሎት በፊት ዝም እንዲል። ቃል ገባሁላቸው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ከአሥር ሰዓት አንዲት ደቂቃ ማለፍ አይችልም ነበር።

ከሰዓት በኋላውን ለአራቱ ቅኝቶች መደብኩት፤ ለትዝታ፣ ለባቲ፣ ለአምባሰልና ለአንቺ ሆዬ፣ ለእያንዳንዳቸው አሥራ አምስት ደቂቃ። አምባሰሉን የምትዘፍነው ሐይቁ ዳር ቆሮሶ ዓሣ እየጠበሰች የምትሸጥ ልጅ ነበረች። እኔም ያገኘኋት ዓሣ ልበላ ሄጄ ነው። ዘይቱ እየተንጣጣ እሷ ታንጎራጉራለች፤ ደንበኞቿ ዘፈኗን ላለማቋረጥ ሲሉ የጠገቡበትን ሳህን እንኳ አይመልሱም። ዘፋኝ የሚመርጥ የአንድ ኪነት ቡድን ኃላፊ ከደሴ እንደሚመጣ ስነግራት ጥብሱን ትታ ቁጭ አለች። የዘይቱ ጭስ ደረቷን መያዝ ጀምሮ ነበር። ድምፄ ሳይሄድ አንድ የሚያውቅ ሰው አንድ ጊዜ ይስማኝ፣ ከዚያ ወዲያ ይቅር፤ አትችይም ቢለኝ እንኳ ይለይልኛል አለችኝ። ሁለት ወር ሙሉ ከሥራ በኋላ ከከተማው ኦርጋን ተጫዋች ጋር ተለማመደች።

ፕሮግራሙን ጽፌ ስጨርስ ከግርጌው «ግልባጭ» ብዬ ለአጎራባች ወረዳዎች ላክሁት። ለአክብሮት ያህል ነበር። ለሌላ አገር ሰው አምባሰል ዜማ ነው፤ ለእኛ ግን ዜማም ነው፣ ጎረቤታችንም ነው። የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ውጫሌ ላይ ወረቀቱን ያነበቡት ሰዎች ምን ይበሉ? ተጋብዘናል፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ተሰጥቶናል ብለው ሥራቸውን ጀመሩ። እነሱም ተለማመዱ።

የበዓሉ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ አይሱዙ ጡሩምባውን እየነፋ ሜዳው ውስጥ ገባ። ነጭ በነጭ የለበሱ ሃያ የሚሆኑ ሴቶችና ወንዶች ወረዱ፤ አንዱ ማሲንቆ ይዟል፣ ሁለቱ ከበሮ። ከፊት የመጡት ጋቢ የለበሱ አዛውንት ገበሬ ነበሩ። በጥንቃቄ የታጠፈ ወረቀት ከኪሳቸው አወጡና መስመሯን በጣታቸው አሳዩኝ። ሰዓታችን ደርሷል ወይስ ትንሽ እንረፍ ብለው ጠየቁኝ። ገና ያኔ ስሕተቴ ገባኝ። ጉዱ ይኸው ብቻ ነው ብዬ ሳልጨርስ ከባቲ ወረዳ ስልክ ተደወለ፤ መኪና ተበላሽቶባቸው መድረስ ስላልቻሉ ይቅርታ ይጠይቃሉ። ከትዝታና ከአንቺ ሆዬ ወረዳ ብቻ ማንም አልመጣም።

አለቃዬ ነገሩ ወዲያው ገባው። እንግዳ አይመለስም፣ ልጅቱ የራሳችን ናት፣ ሌላ ጊዜ ትዘፍናለች፣ እነሱን አስገቢ አለኝ። ንዴቴ እዚህ ላይ ነው የመጣው። የራሳችን የተባለ ሰው ሁሉ ምነው ሁልጊዜ ከተራ የሚወጣ? ደቂቃ እንዳልጨምር ለመነኩሴው ቃል ገብቻለሁ፤ ሌሎቹን ቅኝቶች እንዳልቆርጥ ዘፋኞቹ እየዘፈኑ ነው። ለአለቃዬ መልስ ሳልሰጥ ሄጄ አዛውንቱ ፊት ቆምኩና እውነቱን ተናገርኩ። ወረቀቱ ላይ ያለው አምባሰል ወረዳው ሳይሆን ዜማው እንደሆነ፣ ዜማውን የምትዘፍን አንዲት ልጅ እንዳለች፣ ለእሷም ዛሬ የመጨረሻ ዕድሏ እንደሆነ።

ወረቀቱን አንድ ጊዜ፣ እኔን አንድ ጊዜ አዩ። ከዚያ ሳቅ ጀመራቸው፤ ጋቢያቸው እስኪወርድ ድረስ ሳቁ፣ ዘወር ብለውም ለሰዎቻቸው ነገሩ፤ ሃያውም ሳቀብኝ።

«አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። «ወረቀትሽ አምባሰል ነው የሚለው። እሷ ታውጣ፣ እኛ እንቀበላት። ከዚህ ወዲያ የትኛው አምባሰል እንደሆነ የሚሰማው ሰው ይለየው።»

ለእኔ ነገሩ አለቀ፤ ለልጅቱ ግን ገና መጀመሩ ነበር። ሁለት ወር በኦርጋን የለመደችውን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ትታ ከማታውቀው ማሲንቆ ጋር ልትገጥም ነው። ስነግራት አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ማሲንቆ መቺውን አንዴ አስመታችው፣ ድምፁን ለካች፣ መቀነቷን አጠበቀች። መድረክ መሪው «አሁን ደግሞ አምባሰል!» ሲል ከሃያው ሰው መሐል ወጣች።

ዘፈነች። መጀመሪያ ድምፅዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ማሲንቆው ጠበቃት። ተቀባዮቹ ሲያነሡላት ግን ያላጠናችውን፣ እኔም ሰምቼ የማላውቀውን ግጥም እዚያው አወጣች፦

ዓሣው ከሐይቁ ነው፣ እሳቱም ከእኔ፤
ጨው ብቻ ሲጎድል መጣህ ወይ ወገኔ።

ሜዳው አንድ ላይ ጮኸ። ታንኳ ላይ የነበሩት ዓሣ አጥማጆች መቅዘፊያቸውን ጥለው አጨበጨቡ። የአምባሰሎቹ እናቶች እልልታውን ለቀቁት፤ የእኛዎቹም እነሱን ላለማሳፈር ሲሉ ከእነሱ በልጠው ለቀቁት። እኔ ሰዓቴን እያየሁ አለቅስ ነበር። ልክ በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ አለቀ፤ አንቺ ሆዬም ተከተለና ልክ አሥር ሰዓት ላይ ማጉያው ተዘጋ።

ከደሴ የመጣው ሰው ግን ወንበሩ ላይ አልነበረም። አንድ ነገር ማስታወሻው ላይ ጽፎ፣ መኪና እንዳያመልጠው ብሎ ልጅቱ ከመድረክ ሳትወርድ እንደሄደ ነገሩኝ። እሷም አየችው ሲሄድ። አጠገቤ ስታልፍ ቆም ብላ «ድምፄን በሰው ደፈንሽው» አለችኝ። መቀነቷን እየፈታች ሄደች።

በሳምንቱ ሪፖርት ተጻፈ። ሆቴሎች ሞልተው እንግዳ መስጊዱ ጓሮና ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ማደሩን፣ ባጃጆች ከመነኸሪያ ሐይቁ ዳር ሲመላለሱ መዋላቸውን፣ ሐይቁ ዳር የቀረውን የላስቲክ ክምር ለመልቀም ሦስት ቀን መፍጀቱን፣ የሁለቱ ወረዳ ሰዎች በየዓመቱ ይደረግ ማለታቸውን ጻፍኩ። «ያጋጠሙ ችግሮች» የሚል ክፍል አለ፤ እዚያ ላይ ሁልጊዜ «የለም» ይባላል። ብዕሬን ይዤ ብዙ ቆየሁ። አለቃዬ ወስዶ «የለም» ብሎ ጻፈበት።

ስድስት ሳምንት ያህል ዓሣ ለመብላት አልሄድኩም። ሰው ስጠይቅ ልጅቱ አሁንም ትጠብሳለች፣ ግን አታንጎራጉርም አሉኝ። ደንበኞቿ በልተው ወዲያው ይነሣሉ። ይህን የሰማሁ ቀን ምሳዬን አልበላሁም። ፌስቲቫሉ የተሳካ ነበር ብሎ የሚያመሰግነኝን ሰው ሁሉ ጠላሁት።

አንድ ረቡዕ ጠዋት አዛውንቱ ቢሮዬ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ከውጫሌ በሚኒባስ ነው የመጡት። በሁለት እጃቸው የያዙት ፖስታ ላይ «ለዘፋኟ፤ አምባሰል ወረዳ» የሚል ተጽፎበታል። ከደሴ የመጣው ያ ሰው ከሃያው መሐል ስትወጣ ያያት ልጅ የእነሱ መስላው ኖሯል። ደብዳቤው እዚያ ደርሶ እንዲህ ያለች ዘፋኝ ወረዳው ውስጥ ስትጠፋ፣ ቡድኑን የመሩት እሳቸው ናቸው ተብሎ እጃቸው ገባ። ስጡኝና ላድርስላት አልኳቸው። እምቢ አሉ፤ በእጄ ካልሰጠኋት አሉ፤ አንች ወረቀት ስትልኪ የት እንደሚደርስ አይቻለሁ ብለውም ሳቁብኝ።

በባጃጅ ሐይቁ ዳር ወረድን። ልጅቱ ዘይቱ ላይ ጎንበስ ብላ ነበር። አዛውንቱን ስታይ ደነገጠች፣ እጇን ጠርጋ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል ያዟትና ፖስታውን ሰጧት። ቀደደችው። ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ አንድ ጊዜ አነበበች፤ ተመልሳ ከላይ ጀመረች። ዓሣው ማረር ጀመረ።

«ኪነት ቡድኑ ወደ ደሴ ጠርቶኛል፤ ግን ከአምባሰል ነሽ ብለው ነው የጻፉት» አለች፣ አዛውንቱን ቀና ብላ እያየች። «እንዲህ ብዬ ልሂድ?»

«ሂጅ እንጅ» አሏት። «ስንቀበልሽ ጎረቤት ነሽ ብለን ነው እንዴ?»

ወረቀቱን ደረቷ ላይ አደረገችው። ወደ እኔ ግን አላየችም፤ ውኃውን ነበር የምታየው።

«ተሰምቻለሁ ማለት ነው» አለች ቀስ ብላ። «በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ተሰምቻለሁ።»

ከዚያ ጎንበስ ብላ ያረረውን ዓሣ አወጣች፣ ሳህን ላይ አደረገችውና ወደ እኔ ገፋችው።

«እትዬ፣ ይህን አንች ትበያለሽ» አለችኝ። «የሚመጣው ዓመት ፕሮግራም ደግሞ ሌላ ሰው ይጻፈው።»

እየሳቅኩ፣ እያለቀስኩም፣ አጥንቱን ብቻ አስቀርቼ በላሁት።