የሐጂ በርሜል

ጡረታ እንደወጣሁ የደሴን ብርድ ሸሽቼ ኮምቦልቻ ገባሁ። ሃያ ሁለት ዶሮዎች ገዝቼ ጓሮዬ ውስጥ አሰፈርኩ። እንቁላሉን አብረውኝ የሚያመልኩ ሴቶች እሁድ ከጸሎት ቤት ስንወጣ ይወስዱልኝ ነበር።

የቆርቆሮ አጥር የምንጋራው ጎረቤቴ ከቢስቲማ የመጡ አዛውንት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። እሳቸውም ዶሮ ያረባሉ። አንድ እሁድ ከሴቶቹ አንዷ፣ "የሐጂን እንቁላል አይተሽዋል? አስኳሉ ብርቱካን ነው የሚመስለው" አለችኝ።

የኔ አስኳል ነጣ ያለ ነበር። መኖውን የምንገዛው ከአንድ ሱቅ፣ ውሃው የአንድ ቧንቧ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰውዬውን መከታተል ያዝኩ። ጠዋት ጠዋት ክዳን ያለው ባልዲ ይዘው ይወጣሉ። ሲመለሱ ባልዲውን ከሰውነታቸው አርቀው ነው የሚይዙት። መንገድ ላይ ከተገናኘን ደግሞ ወደ ሌላኛው እጃቸው ያዛውሩታል። ጓሯቸው ጥግ ላይ በጆንያ የተሸፈነ በርሜል አለ፤ ሰው ሲገባ ከፊቱ ይቆማሉ።

ቀርቤ መጠየቅ እችል ነበር። ግን ቢጠየቁስ እውነቱን መች ይናገራሉ ብዬ ተውኩት። ይልቅ ለሴቶቹ፣ "መድኃኒት ሳይሆን አይቀርም፤ ምን እንደሚያበሏቸው እግዚአብሔር ይወቅ" አልኳቸው። ብዙም ሳይቆይ ከሐጂ በር እንቁላል ይዞ የሚወጣው ሰው ቀነሰ። አላዘንኩም።

አንድ ጠዋት በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ አየኋቸው። ጆንያውን ገለጥ አድርገው በጣሳ ጨለፉና ለዶሮዎቹ በተኑላቸው። ዶሮዎቹ እየተረጋገጡ ለቀሙት። የተበተነው ነገር ነጭ ነው፤ ይንቀሳቀሳል። ትል ነው። ምስጢሩን ስላገኘሁት ደስ አለኝ።

ትል ከሆነ እኔም አላጣም አልኩ፤ ከሰፈራችን በታች፣ ከቦዩ ዳር፣ የሞተ ውሻ ነበር። አፍንጫዬን በነጠላዬ ሸፍኜ ወረድኩና ከላዩ የሚርመሰመሰውን ትል በእንጨት እየጠረግሁ ጣሳዬን ሞላሁ። ዶሮዎቼ እንደዚያ ሲሻሙ አይቼ አላውቅም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሁለቱ መነሳት አቃታቸው። ዓይናቸው ተገልጧል፤ አንገታቸው ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ መሬት ላይ ተዘርግቷል። እስከ ቀትር አራት ሆኑ። ያን ጊዜ ወደ ልቤ የመጣው ሐጂ ብቻ ናቸው። ሳጮልቅ አይተውኛል፤ በአጥሩ ሥር መርዝ ጣሉልኝ አልኩ።

ከአራቱ አንዷን በሕይወት እያለች በካርቶን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩና ደሴ ወደማውቀው የእንስሳት ሐኪም ሄድኩ። የሐረጎን ዳገት ስንወጣ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ካርቶኑን አየችና፣ "ምን ሆና ነው?" አለችኝ።

"ጎረቤት መርዞብኝ ነው" አልኳት።

ደሴ ስንደርስ ዶሮዋ ሞታለች። ሐኪሙ ከአንገቷ ሥር ያለውን የምግብ ከረጢት ቀደደና ውስጡን በመቆንጠጫ እያነሳ አሳየኝ።

"እትዬ፣ ይሄ ትል ከየት መጣ?"

"ጎረቤቴ ነው የሚያበላው" አልኩ።

"የጎረቤትዎን አልጠየቅሁም። ይህቺ የበላችው ከየት ነው?"

"ከሞተ ውሻ" አልኩ።

ሐኪሙ አልተቆጣኝም። በበሰበሰ ሥጋ ውስጥ መርዝ እንደሚፈጠር፣ ትሉን ግን ምንም እንደማያደርገው፣ ዶሮዋ ትሉን ስትበላ መርዙ እንደሚገባባትና መጀመሪያ አንገቷን እንደሚያዝለው ቀስ ብሎ አስረዳኝ። "መርዝ የሰጣት ሰው አለ ካሉ፣ ያው እርስዎ ነዎት" አለኝ።

ኮምቦልቻ ስደርስ ቤቴ ሳልገባ የሐጂን በር አንኳኳሁ። ስለ ውሻው፣ ስለ ቀዳዳው፣ ስለ ዶሮዎቹ ነገርኳቸው።

"ከውሻ በድን?" አሉ ፊታቸውን ከስክሰው። "አዑዙ ቢላህ። ነይ እስቲ፣ እይ።"

ጆንያውን አነሱት። በርሜሉ ውስጥ ያለው የከብት ፍግ፣ ፉርሽካና ከገበያ የለቀሙት የተበላሸ አትክልት ነው። ትሉ የሚራባው እዚያው ውስጥ ነው፤ በየቀኑ በባልዲ የሚያመላልሱትም ይህንኑ ነበር። "ለእርድ የማስባትን ዶሮ ደግሞ ሥጋዋ እንዲጠራ ሦስት ቀን ዘግቼ ጥራጥሬ ብቻ ነው የማበላት" አሉኝ።

"ታዲያ ለምን ይደብቁታል?"

"ሰው ትሉን ካየ እንቁላሉን ይበላልኛል? አንቺስ ለምን አልጠየቅሽኝም?"

ካርቶኑን እንደያዝኩ ቆሜ፣ "ሐጂ፣ ሰው እንቁላልዎን እንዲተው ያደረግሁት እኔ ነኝ። መድኃኒት ይሰጣሉ ብዬ አውርቻለሁ" አልኳቸው።

በርሜሉን የሚያማስሉበትን እንጨት አጥሩ ላይ አስደገፉ። "እሱንስ ሰምቻለሁ" አሉ። "አብሽሪ። ያወራሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው ትመልሽዋለሽ።"

በሚቀጥለው እሁድ በሴቶቹ ፊት ሁሉንም ተናገርኩ። አንዳንዶቹ ወደ ሐጂ ተመለሱ። ትል መሆኑን ሲሰሙ ግን የሁለታችንንም እንቁላል የተዉ አሉ።

ሐጂ በማግስቱ ጠዋት አንድ ጣሳ ትል በአጥሩ ላይ አቀበሉኝ። አመስግኜ ተቀበልኩ። እሳቸው ወደ ቤት እስኪገቡ ጠበቅሁና ትሉን በእንጨት እያገላበጥኩ አየሁ፤ ከዚያ ለአንዲት አሮጊት ዶሮ ብቻ ጥቂት ሰጠኋት። የቀረውን ከድኜ አስቀመጥኩ። ሦስት ቀን ሙሉ አንገቷን ሳይ ሰነበትኩ።