ዘጠኝ ደቂቃ ወደ ምሥራቅ

ታላቅ እኅቴ የደንብ ልብስ በሚሰፋበት ፋብሪካ ጨርቅ ቆራጭ ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መቀስና ማስመሪያ ይዛ ቆማለች። «ጠረጴዛ ላይ የክር ያህል ከሳትሽ፣ ትከሻ ላይ ሲደርስ ጣት ያህላል» ትለኝ ነበር። በቤታችን እትዬ እንላታለን። አርባ አራት ዓመት በሞላት ሰሞን አንድ ቀን ከሥራ ገባችና ጫማዋን ሳታወልቅ፣

«አውሮፕላን ማብረር ልማር ነው» አለች።

እናታችን የያዘችውን ሰሐን አስቀመጠች። «አንቺ? አውቶቡስ እንኳ እያዞረሽ መስኮት ዳር ካልሆነ የማትሳፈሪው?»

እውነቷን ነበር። እትዬም አልካደችም፤ «እዚያም እኮ መስኮት ዳር ነው የምቀመጠው» አለችና ልብሷን ልትቀይር ገባች።

የበረራ ክበቡ ከከተማው ጫፍ፣ ከማገዶ መጋዘኖቹ ኋላ ነበር። አንድ የቆርቆሮ ክፍልና ሁለት ትንንሽ አውሮፕላኖች ነበሩት፤ አንደኛዋ ዘወትር ሞተሯ ተከፍቶ ነው የምትታየው። እትዬ ልትመዘገብ የሄደች ዕለት በረንዳው ላይ የተቀመጡት ጎረምሶች፣ «ማዘር፣ ልጅዎን ሊያስመዘግቡ ነው?» ብለው ተሳሳቁ። ያልሳቁት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። እኒህም የአየር ጉዞ አቅጣጫ አስተማሪው፣ ስለ ሰሜን ዋልታ ማውራት ከጀመሩ ማቆሚያ ስለሌላቸው ተማሪዎቻቸው «ጋሽ ዋልታ» የሚሏቸው ሽማግሌ ናቸው። ወንበር ስበው፣ አቧራውን በመሐረባቸው ጠርገው አስቀመጧት። ያችን ወንበር እትዬ ዕድሜዋን ሙሉ አልረሳቻትም።

ያ ዘመን ደግ ዘመን ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በምግብ ጠረጴዛችን ላይ ካርታው ይዘረጋል፤ ማዕዘኖቹ እንዳይጠቀለሉ በአራት ብርጭቆ እንጫናቸዋለን። እትዬ እርሳሷን ቀርጻ፣ ለእኔ እያስረዳች ራሷ ትማራለች። በምድር ላይ ሁለት ሰሜን አለ ትለኛለች። አንደኛው ካርታው የተሳለበት እውነተኛው ሰሜን ነው፤ ሁለተኛው የኮምፓስ መርፌ የሚያመለክተው ነው። ሁለቱ አይገጥሙም። ልዩነታቸው ወደ ምዕራብ ከሆነ ትደምሪያለሽ፣ ወደ ምሥራቅ ከሆነ ትቀንሻለሽ። የነፋሱን ግፊት ታስቢያለሽ። ከዚያ በኋላ ሰዓትሽንና መርፌሽን አምነሽ መሄድ ነው። ከሁሉ የወደደችው ግን የስልሳውን ሕግ ነበር፤ በአንድ ዲግሪ የሳተ ሰው ስልሳ ማይል ሲሄድ አንድ ማይል ይስታል። «ይኼማ የኛው ሥራ ነው» ብላ ሳቀች።

በክፍሉ ግድግዳ ላይ በዘይት ቀለም፣ «ልዩነት፦ ሁለት ዲግሪ ምዕራብ» የሚል ተጽፎ ነበር። ጋሽ ዋልታ ማስተማር በጀመሩበት ዓመት፣ ያኔ አዲስ ከነበረው ካርታ ላይ ወስደው በገዛ እጃቸው የጻፉት ነው። ተማሪ ሁሉ ከዚያ ይገለብጣል። እትዬ ግን የጨርቅ ጥቅልን ምልክት ሳታነብ መቀስ የማታነሣ ሴት ናትና፣ የካርታውንም ግርጌ አነበበችው። በደቃቅ ፊደል፣ «ልዩነቱ በየዓመቱ ዘጠኝ ደቂቃ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል» ይላል። ስልሳ ደቂቃ አንድ ዲግሪ ነው። ካርታው ከታተመ ደግሞ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር። ብታባዛው አራት ዲግሪ ሆነ። ሁለቱ ዲግሪ ምዕራብ፣ ማንም ሳያየው ሁለት ዲግሪ ምሥራቅ ሆኗል። እስከዚያ ቀን ማንም ያልጠፋው የፈተናው መንገድ ሁልጊዜ የባቡሩን ሐዲድ ተከትሎ ስለሚሄድ ነው። ከታች ሐዲድ እያለለት ኮምፓስ የሚያይ ማን አለ?

በዚያ ዓመት አዲስ ፈታኝ መጣ። ሐዲዱን ትቶ፣ ምልክት የሌለውን ሜዳ የሚያቋርጥ የዘጠና ማይል መንገድ መረጠ። የመጣው ተማሪ ለመፈተን ብቻም አልነበረም፤ የሸመገሉ አስተማሪዎችን ከሥራ እንዲያሰናብት ታዟል ተብሎ ይወራ ነበር። እትዬን ደግሞ የዐይን ሐኪሟ፣ «ዘንድሮ አሳልፌሻለሁ፤ ለከርሞ ግን አትምጪ» ብሏት ነበር። እንግዲህ ፈተናዋ ያ አንዱ ብቻ ነው።

በፈተናው ዋዜማ የጉዞ ቅጿን ለማስፈረም አቀረበች። የአስተማሪ ፊርማ የሌለው ቅጽ አያስፈትንም።

«አቅጣጫው ዘጠና ዲግሪ?» አሉ ጋሽ ዋልታ። «ዘጠና አራት አይደለም እንዴ ልጄ? የካርታው መስመር ዘጠና ሁለት፣ ሁለት ምዕራብ ሲደመር...»

«ጋሼ፣ የካርታውን ግርጌ አይቼ ነው። በየዓመቱ ዘጠኝ ደቂቃ ይሄዳል ይላል።»

«ማን? ሰሜን? እግር አለው እንዴ?»

በሥራዋ ምክንያት «መቀስ» የሚል ቅጽል ያወጡላት ጎረምሶች ይኼን ነበር የሚጠብቁት። አንዱ፣ «መቀስ ሰሜንን ልታሳጥረው ነው!» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ዋልታ ግን አልሳቁም። ቀይ እርሳሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «እኔ ያስተማርኳቸው ትልልቅ አውሮፕላን ያበራሉ» አሉ፣ ከእሷ ይልቅ ለግድግዳው የሚናገሩ ይመስል። እሷም ላጲስ አነሣች። ዘጠናን አጥፍታ ዘጠና አራት ጻፈች። ፈረሙላት።

በአየር ላይ የሆነውን የነገረችኝ ራሷ ናት። ማለዳው ጸጥ ያለ፣ አድማሱ ግን በአቧራ የታፈነ ነበር። በኀምሳ አራተኛው ደቂቃ ትንሿ ግድብና አጠገቧ ያለው ማኮብኮቢያ መታየት ነበረባቸው። ከታች ባዶ ሜዳ ብቻ ሆነ።

«የት ነን?» አለ ፈታኙ።

የት እንዳሉ ታውቃለች። አራት ዲግሪ በዘጠና ማይል፤ ከመንገዳቸው በስተቀኝ ስድስት ማይል። የአውሮፕላኗን አፍንጫ ወደ ግራ ብትመልሰው ግድቧ ትመጣለች። ነገር ግን «በምን ዐወቅሽ?» ይላታል። ያን ጊዜ ቅጹ ይገለጣል፤ ከቅጹ ግርጌ ያለችው ፊርማም ትታያለች።

«ነፋሱ ወስዶኝ ነው መሰለኝ» አለች።

«ነፋስ? ያን ጭስ ይመልከቱት፤ እንደ ምሰሶ ቆሟል።» መሪውን ራሱ ያዘው። ከዚያ በኋላ አልመለሰላትም።

ሲያርፉ ጋሽ ዋልታ በረንዳው ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ፈታኙ ራሱን ሲነቀንቅ አዩ። ፈጠን ብለው ወደ እሱ ሄዱና፣ እትዬ ከአውሮፕላኑ ክንፍ ሥር ቆማ እየሰማች፣ «ምን ላድርግ ጌታዬ፤ ስንቴ ነገርኳት! ጨርቅ ነው የለመደችው፣ ቁጥር አይሆንላትም» አሉ። ፈታኙም ቅጹን ሳይገልጥ አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። የተፈረመበት ነገር ምን ይመረመራል?

እትዬ ወደቀች፤ ጋሽ ዋልታ ከሥራቸው ሳይሰናበቱ ቀሩ። ከሳምንት በኋላ ቤታችን መጡ፤ የተጠቀለለ ካርታ በብብታቸው ይዘዋል። እናታችን ውሃ አቀረበችላቸው። ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ አየሩ መቆሸሽ ብዙ ካወሩ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ያ ዘጠኝ ደቂቃ ያልሽው... የቱ ጋ ነው የተጻፈው?» አሉ።

እትዬ በጣቷ አሳየቻቸው። መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ አነበቡ። በወረቀት ገለበጡት። «ፊደሉ ደቃቅ ነው እኮ» አሉ። ለይቅርታ አፋቸውን የሚከፍቱ መስሎኝ ነበር፤ የከፈቱት ግን ለውሃው ኖሯል። እትዬ እስከ በሩ ሸኘቻቸው።

በዓመቱ በክበቡ የሚማር የጎረቤታችን ልጅ አንድ ቀን ከእኛ ቤት ተቀምጦ አቅጣጫን እያስረዳ አደከመን። «ሰሜን በየዓመቱ ይሄዳል፤ ይኼን ማንም አላየውም ነበር፤ ጋሽ ዋልታ ራሳቸው ናቸው የደረሱበት» አለ በኩራት። እናታችን ቀና ብላ አየችው። እኔ ልናገር ስል እትዬ ክንዴን ያዘችኝ።

«ስንት ደቂቃ አሏችሁ?» አለችው።

«ዘጠኝ። ወደ ምሥራቅ።»

«ልክ ነው። እንዳትረሳው» አለችው፤ ልጁም ደስ ብሎት ሄደ። እትዬ በሩን ከኋላው ዘጋች።

«እንግዲህ» አለች ወደ እኛ ሳትዞር፣ «ከዚያ ክበብ መጥቶ እኔን የሚጠይቅ ሰው ካለ፣ የለችም በሉት።»